ክቡር «ደርሷል» እና አርባ ሰባቱ በሮች

ደንብ የሚያከብር ሰው ማንንም አይበድልም ይባላል። አባባሉ የተማረ ሰው ስለሚመስል ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ያልፋል። በየመሥሪያ ቤቱም ይህን አባባል እንደ ጋሻ አንግቦ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ስህተት አይገኝበትም። የማይገኝበትም ስህተቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቤት ስለሚያድር ነው።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይህን ሰው ያኖረው በሁለተኛው ፎቅ፣ በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ነበር። በበሩ ላይ የተጻፈው «የኤሌክትሮኒክ መጥሪያ ክፍል ኃላፊ» ይላል። ጠበቆች ግን እሳቸው በሌሉበት «ክቡር ደርሷል» ይሏቸዋል።

ክቡርነታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጥሪያ በእግራቸው ያደረሱ ሰው ናቸው። በቆዳ ቦርሳ ይዘው፣ ጭቃ ረግጠው፣ «የለም በሉት» ከሚል ሹክሹክታ ጋር በመዝጊያ ክፍተት ተከራክረው አድርሰዋል። በግራ ባታቸው ላይ ውሻ ያተመው ጠባሳ አለ። ሲስተሙ በመጣ ጊዜ ግን ቦርሳውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ጣሉና፣ በስተርጅና ሃይማኖት እንደ ለወጠ ሰው ከነባሮቹ ይልቅ አጥብቀው አመኑ። ሰነዱ ይጫናል፤ ይላካል፤ ከተከራካሪው ስም አጠገብ «ደርሷል» የሚል አረንጓዴ ቃል ይበራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሳቸው ወሬ ነው።

አንድ ጠበቃ ቢሮው ከነኮምፒውተሩ መቃጠሉን ሊያስረዳ ቢመጣ፣ «ኮምፒውተር ይቃጠላል፤ ቀነ ቀጠሮ አይቃጠልም» ብለው መለሱት። ሌላው ሆስፒታል ተኝቶ መክረሙን ቢነግራቸው፣ «እግዚአብሔር ይማርዎት። ተኝተውም ደርሶዎታል» አሉት። ቤታቸው ውስጥ እንኳ ሳሎን ተቀምጠው፣ ጓዳ ላሉት ባለቤታቸው በስልክ «ሻይ» ብለው ይልኩ ነበር።

«አንደበት አልተፈጠረልህም፣ አንተ ሰውዬ?» ይላሉ ባለቤታቸው።

«መልእክቱ ደርሶሻል አይደል?»

«የደረሰኝማ አንተ ነህ። መልሼ የምልክበት አጣሁ እንጂ።»

ደንቡ ክፉ ደንብ አይደለም። የኢሜይል አድራሻውን አስመዝግቦ በዚያ ሰነድ ለመቀበል የፈረመ ተከራካሪ፣ የተላከለት ሁሉ በተላከበት ቅጽበት እንደ ደረሰው ይቆጠራል። ያላስመዘገበው ግን መጥሪያው በእጁ ይሰጠዋል። ደንቡ ያላሰበው፣ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ኢሜይል የሌለው ባለጉዳይ ሲመጣባቸው፣ ቅጹ ያለ አድራሻ አላልፍ ስለሚል፣ የራሳቸውን አድራሻ ያስገቡለታል። «እኔ ጋ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ፣ አያስቡ» ይሉታል። ይደውሉም ነበር። በሕይወት እስከ ነበሩ ድረስ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ በሯ ላይ ተለጥፎ ያገኘችውን ወረቀት ይዛ ገባች። የሟች ባሏ ወንድም «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሷት፣ መልስ ስላልሰጠች ጉዳዩ በሌለችበት ታይቶ፣ ሐሙስ ጠዋት ቤቱን እንድታስረክብ ታዟል። መከሰሷን የሰማችው ከዚያ ወረቀት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ መጥሪያ የሚባል ነገር አልደረሰኝም» አለች።

«ደርሷል» አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ! በአድራሻዎ።»

«አድራሻዬ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ነው። በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።»

«በር ማንኳኳት ቀርቷል፣ እመቤቴ። ባልዎ የሞቱ ጊዜ የወራሽነት ማመልከቻ ሲያስገቡ በኢሜይል ለመቀበል ፈርመዋል። ይኸው፣ አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴውን ምን ላድርገው፣ ጋሼ? ቀሚስ አልሰፋበት!»

ክቡርነታቸው «የሚቀጥለው ይግባ» ሊሉ ነበር። ሴትዮዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጠረጴዛውን ዞር ብላ እግራቸውን አየች።

«እርስዎ እኮ ቤቴን ያውቁታል። ለባሌ መጥሪያ ያመጡ ዕለት ውሻችን ነክሶዎት፣ ቁስልዎን አጥቤ ሱሪዎን የሰፋሁልዎት እኔ ነኝ።»

ያ ሱሪ አሁንም አለ። ጨርቁ ሳስቷል፤ ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ክቡርነታቸው ቀና ብለው አዩዋትና፣ ሲስተሙ ከመጣበት ከአራት ዓመት ወዲህ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ሰነዱ የደረሰበትን አድራሻ ከፍተው አነበቡ። የማመልከቻ ጸሐፊው አድራሻ ነበር። በጸሐፊው ቀብር ላይ ቆመዋል፤ አፈር አልብሰዋቸዋል። መጥሪያው የተላከው ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ነው። ያንኑ አድራሻ በመዝገቡ ሁሉ ቢፈልጉት አርባ ሰባት ተከራካሪ ወጣ። አርባ ሰባት ሰው በአንድ ሟች ሳጥን ውስጥ ሰነድ እየተቀበለ ነው፤ ሁሉም በአረንጓዴ።

«ታዲያ መጥሪያዬ አሁን የት ነው ያለው?» አለች ሴትዮዋ።

ክቡርነታቸው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት።

ጉዳዩን ለያዙት ዳኛ «አልደረሰም» ብለው መጻፍ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ለቀረው፣ «ያለ አንዳች ግድፈት» የሚል ምስክር ወረቀት ለሚጠብቅ ሰው ቀላል አይደለም። ቃሉን ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ አጠፉት። በአራተኛው ተዉት። ዳኛዋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አፈጻጸሙን አገዱ።

እዚህ ላይ ሰውየው ተምሯል ብሎ የሚደመድም አንባቢ ይቸኩላል። ልማድ ከጸጸት ይፈጥናልና፣ ክቡርነታቸው የእግዱን ትእዛዝ ቤቱን ሊያስረክብ ለተመደበው የአፈጻጸም ሹም በሲስተሙ ላኩት። አረንጓዴ በራ። ኮታቸውን ደርበው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ደህና እንቅልፍም ተኙ።

ሐሙስ ጠዋት ልባቸው አላርፍ ቢላቸው ወደ አፈጻጸም ክፍል ደወሉ።

«ሹሙ? እሳቸውማ ከማለዳ ጀምሮ ለሥራ ወጥተዋል» አለች ጸሐፊዋ።

«ትእዛዙ ደርሷል እኮ!»

«ኮምፒውተራቸው ዝግ ነው፣ ጋሼ። ሲመለሱ ይከፍቱታል።»

ወረቀቱን አትመው በዝናብ ሮጡ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሲደርሱ ሰማያዊው በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። የስፌት መኪናው ጭቃ ላይ ቆሞ ውሃ ይወርድበታል። ጎረቤቶች ራቅ ብለው ቆመዋል።

ሹሙ ትእዛዙን አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ቀደም ብለው ቢያመጡት ኖሮ» አለ።

ክቡርነታቸው «ልኬልህ ነበር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት።

ልብስ ሰፊዋ አልሰደበቻቸውም፤ አላመሰገነቻቸውምም። «ቆመው ከሚያዩኝ በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለች። መኪናውን ሁለቱ ተሸክመው አስገቡት። መዘውሩን ብታዞረው አልዞር አላት። በሩን ደግሞ ደጃፉ ላይ አቁመው በድንጋይ አስደገፉት።

ክርክሩ እንደገና ተከፈተ፤ ማን እንደሚረታ ገና አልታወቀም። ክቡርነታቸው ግን ቦርሳውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው፣ የቀሩትን አርባ ስድስት በሮች በእግራቸው ዞሩ። በአሥራ አንዱ የከፈተላቸው ሌላ ሰው ነበር፤ የቀድሞው ነዋሪ የት እንደ ገባ የሚያውቅ አልተገኘም። በሠላሳ አምስቱ ግን ወረቀቱን በባለቤቱ እጅ አኑረው፣ አስፈርመው፣ «አነበቡት?» ብለው ጠይቀው ተመለሱ። ይህን ጥያቄ ደንቡ አያዝም።

ጡረታ ሲወጡ ምስክር ወረቀቱ አልተሰጣቸውም፤ አግባብም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መውደድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ አድራሻ አርባ ሰባት ጊዜ ሲያልፍ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያስተዋለው አንድም ሹም አልነበረም፤ ከሁሉም መካከል ጫማውን ያጨቀየው እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን ባለቤታቸውን ሻይ ሲጠይቁ ተነስተው ጓዳ ድረስ ይሄዳሉ።

ደንቡ ተከብሯል፤ ሰውም ተበድሏል። ለልብስ ሰፊዋ ይገባት የነበረው በሯ ከመነቀሉ በፊት አንድ ጊዜ መንኳኳቱ ነበር።