አውቶቡስ ነው ብሎ ተሰልፎ የማያውቀውን ሰው ለቅሶ የደረሰው የክሊፈርድ ዜና

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሁ ለኀያል ክሊፈርድ ዘብሔረ ሮችዴል። በጡረታው በዘጠነኛው ዓመት፣ ባለቤቱ ግሌኒስ ጉልበቷን በታመመች በሁለተኛው፣ ሁለቱን የያዘች የሽርሽር መርከብ ከሳውዝሃምፕተን ወጥታ ባሕር በያዘች በሰባተኛው ቀን፣ በጢስ የደረቀው ዓሣ ከቁርስ ገበታ በጠፋ በማግሥቱ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ስሙ በእንግሊዝ አውቶቡሶች ዘንድ የተፈራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሮችዴል ማቆሚያዎች ቆሞ የነጂዎችን መዘግየት በደቂቃ የመዘገበ፣ የሰልፍ አባት፣ የትዕግሥት ግንብ፣ ካልሲን ከሰንደል ጫማ ጋር ያዋሐደ ይህ ሰው፣ መሪ ሳይቀድመው፣ ጭፍራ ሳይከተለው፣ በአራተኛው ወደብ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሐንያ ከተማ ብቻውን ዘመተ።

እኔ ጸሐፊው በመርከቢቱ የራት ማእድ ከእርሱ ፊት ለፊት የምቀመጥ የአገሩ ሰው ነኝ። በወደቡ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በከተማው የሆነውን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ፤ ውሸት ካለበት የእርሱ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። መርከቢቱ በቆመችባቸው በሦስቱ ወደቦች ሁሉ ክሊፈርድ እንደ ሌሎቻችን አሥራ አራት የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ አስጎብኚው በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ የሚይዘውን አሥራ አራት ቁጥር ተከትሎ፣ በሦስት አገር ሦስት የሳሙና ሱቅ ጎብኝቶ ነበርና አንጀቱ አረረ። ረቡዕ ማታም በሾርባውና በበጉ ሥጋ መካከል ከወንበሩ ተነሥቶ ለማእዱ ሁሉ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦

«እኔ የሚነዳ ከብት አይደለሁም። ነገ በአውቶቡስ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እመለሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስቆጣጠር ኖሬ፣ አሁን አንድ አውቶቡስ መያዝ ያቅተኛል እንዴ?»

ግሌኒስም ይህን ሰምታ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ የመልስ አዋጅ አወጣች፦

«ሂድ፣ ማን ያዘህ? ግን ስማኝ። መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሄዳል። ከአስጎብኚ ጋር የወጣ ሰው ቢዘገይ ይጠብቃል፣ በራሱ የወጣውን ግን አይጠብቅም። ብትቀር ጥዬህ ነው የምሄደው። አልቀልድም።»

በማእዱ የነበርን ሁሉ አመንናት። በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንድ ነገር ብላ የተወችበትን ቀን ያየ ሰው የለምና።

በነጋም ጊዜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ክሊፈርድ ወጣ። ከእርሱ ጋር የዘመተውም ሠራዊት ይህ ነበረ፦ ከቁርስ ገበታ በናፕኪን ተሸሽገው የወጡ ሁለት ሙዞች፣ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር የተያዘ አንድ ጃንጥላ፣ አፍንጫውን ያነጣ የፀሐይ ቅባት፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ ካርታ፣ ከእነዚህም ሁሉ በስተ ኋላ ደጀን የሆነ የሱፍ ሰደርያ፣ እርሱም በግሌኒስ ትእዛዝ። ግሌኒስ ራሷ ግን ስለ ጉልበቷ በመርከብ ቀረች። እኔም በዚያ ቀን አሥራ አራት ቁጥርን ተከትዬ አራተኛውን የሳሙና ሱቅ ጎበኘሁ፤ ሳሙናው ይኸው አለ።

መርከቢቱ ከቆመችበት ከሱዳ ወደብ አውቶቡስ ይዞ ሐንያ በሰላም ገባ። በባሕሩ ዳር በምግብ ቤቶች ደጃፍ ቆመው ና ግባ የሚሉትን አሥራ አንድ አሳላፊዎች አንድም ቃል ሳይተነፍስ ድል ነሣ፤ ለመርከቦች የሚያበራውን የመብራት ግንብ ከሩቅ አይቶ ይበቃኛል አለ፤ አንደኛውን ሙዝ በላ። ወእምዝ በጠባቦቹ ጎዳናዎች ገብቶ፣ አንዱ ጎዳና ሌላውን እየወለደበት፣ ሲዞር ሲዞር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በማያውቀው ሰፈር ብቅ አለ። የአውቶቡሱን ማቆሚያ አጣው። ሰው እንዳይጠይቅ፣ መንገድ መጠየቅ በእርሱ ዘንድ እጅ ከመስጠት ይቆጠራል።

እነሆም በአንድ ነጭ ግንብ ሥር ረጅም ሰልፍ አየ። ልቡም ሐሤት አደረገ። ሰልፍ ባለበት አውቶቡስ አለ፣ ይህ የሕይወቱ ሕግ ነውና ሄዶ ከኋላ ቆመ። ሰዎቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነበርና ለአውቶቡስ እንዲህ አምሮ የሚወጣ ሕዝብ ብሎ በልቡ አመሰገናቸው። አንዳንዶቹ ያለቅሱ ስለ ነበር አውቶቡሱ እጅግ የዘገየ መሰለው፣ አዘነላቸውም። ሰልፉ የምን ሰልፍ እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ እኛ እንግሊዞች ከተሰለፍን በኋላ ይህን መጠየቅ ነውር ነው፣ ቀድሞ ማወቅ ነበረብህ ይባላል። በጎን ሊገባ የሞከረን አንድ ሰውዬም ጉሮሮውን በመጥረግ ገሠጸው፤ ሰውዬውም አፍሮ ሄደ።

አርባ ደቂቃ በፀሐይ ከቆመ በኋላ ከበሩ ገባ። አውቶቡስ አልነበረም። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ አርጊሮ የተባለች አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዘመዶቿ በግራና በቀኝ ቆመው፣ ሰልፈኛው ሁሉ እጇን እየጨበጠ ያልፍ ነበር። የዚያን ዕለት ባሏን ማኑሶስን ቀብራ መመለሷ ነው። ክሊፈርድም ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ዐወቀ። መሸሽ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከኋላው ብዙ ሰው አለ፣ ተራውም ደርሷል፣ ተራው ደርሶ የሚሸሽ ደግሞ በትውልዱ የለም። እጇን ያዘ። እጇ ትንሽና ቀዝቃዛ ነበረች፣ እንደ ግሌኒስ እጅ፣ ስለዚህ ሳያስበው ዓይኑ እንባ ሞላ።

ይህ እንባ ነው ያስያዘው። ማኑሶስ በወጣትነቱ በእንግሊዝ የጭነት መርከቦች ላይ ወጥ ቤት ነበረና፣ መበለቲቱ ይህን ቀይ ፊት ባየች ጊዜ ከባልንጀሮቹ አንዱ ባሕር አቋርጦ የመጣ መሰላት። የሟች የእህት ልጅ ሲፊስ፣ የአስከሬን መኪና ነጂ የሆነ፣ እንግሊዝኛም የሚችል፣ ይህንኑ ለአዳራሹ ሁሉ አወጀ። ክሊፈርድን ከመበለቲቱ ቀኝ አስቀመጡት። ቡና በኮኛክ መጣ፣ ጠጣ። የዓሣ ሾርባ መጣ፣ በላ። በስኳርና በሮማን ፍሬ የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በሳሕን ሞልተው አስታቀፉት። አረቄ ቀዱለት፤ ብርጭቆ ባዶ ማድረግ አክብሮት መስሎት ጨለጠው፤ እነርሱም ባዶ ብርጭቆ ማየት ነውር ነውና ደግመው ቀዱ። እንዲህ ባለ መተናነቅ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ተኩል አለፈ፣ አሥር አለፈ። የግሌኒስ አዋጅ በጆሮው ይጮኽ ነበር፤ ልሂድ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣ አለው።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሲፊስ ተነሥቶ፣ እንግዳው ስለ ማኑሶስ የመርከብ ዘመን ጥቂት ይንገረን ብሎ ለመነ። መበለቲቱም ልትሰማ ወደ እርሱ ዞረች። እነሆ ታላቁ ጦርነት። ቢዋሽ ደስ ይላታል፣ መርከቡ ግን ያመልጠዋል፤ ከዚህም በላይ እንዲህ ባለች ሴት ፊት መዋሸት ከበደው። ክሊፈርድ ተነሥቶ ቆመና እንዲህ አወጀ፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ማኑሶስን አላውቃቸውም፣ አይቻቸውም አላውቅ። የአውቶቡስ ሰልፍ መስሎኝ ነው የቆምኩት። ከገባሁ በኋላ መውጣት አፈርኩ፣ ሾርባው ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። መርከቤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሄዳል። ሚስቴ እዚያ ላይ ናት። ያለ እሷ መኖር አልችልበትም።»

ሲፊስ እየፈራ ተረጎመ። የመበለቲቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዘመዶቿም ሊይዟት ተነሡ፤ እርሷ ግን ለካስ እየሳቀች ኖሯል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እንባዋን በጥቁር ሻሿ ጠርጋ አዋጅ አወጣች፦

«የገዛ ወንድሙ መቆም ሰልችቶት በጓሮ በር ነው የገባው። ይኼ ግን ለማያውቀው ሰው አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆመ። ሲፊስ፣ ተነሥ፣ ሰውየውን ለሚስቱ አድርስ። እኔ ዛሬ ባሌን ሸኝቻለሁ። እሷ ባሏን ትቀበል።»

የለቀስተኛው መኪና ሁሉ በጠባቡ ጎዳና አንዱ ሌላውን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ማንም ሊዘጋባት ያልደፈረ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፣ እርሷም የአስከሬኑ መኪና። ክሊፈርድ ከሲፊስ ጎን ተቀመጠ፣ ንፍሮውን ታቅፎ፣ የአበባው ጉንጉን ገና ከጣሪያው ሳይወርድ። የጎዳናው መኪኖች ዳር ያዙ፤ ሽማግሌዎች ቆብ አውልቀው አማተቡ፤ እርሱም ለእያንዳንዳቸው በትሕትና እጁን አነሣ። የወደቡ ዘበኞችም ወረቀት አልጠየቁ።

አሁን ያየሁትን ልጻፍ። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ በመርከባችን ልማድ ሁላችንም መጠጣችንን ይዘን ላይኛው ፎቅ ወጣን፣ ዘግይተው የሚሮጡትን እያየን ልንስቅ። የክሊፈርድ ስም ሦስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። መንገደኛ ሲቀር ፓስፖርቱን ከክፍሉ ወስደው ለወደቡ ሰዎች ትተውለት ይሄዳሉና፣ አንድ መኮንን ይህንኑ ሊወስድ ወደ ግሌኒስ ወረደ። እርሷ ግን አልሰጠችውም። የሁለቱንም ፓስፖርት በጉያዋ ከትታ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱንና ፒጃማውን በሻንጣ ጠቅልላ፣ በዚያ ጉልበቷ የመርከቡን መወጣጫ ደረጃ በደረጃ ወደ ወደቡ ወርዳ፣ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። መኮንኑ ተከትሏት ወርዶ መርከቡ ሊሄድ ነው ቢላት፦

«ይሂዳ፣ እኔ መች ያዝኩት።»

ብላ አወጀች። እኔም የረቡዑን አዋጅ በማመኔ አፈርኩ።

ያን ጊዜ የአስከሬኑ መኪና ገባ። ረጅም፣ ጥቁር፣ አበባ የደፋ። ሙዚቃው ቆመ፤ ሁለት ሺህ ሰው ብርጭቆውን ዝቅ አደረገ። ግሌኒስ ተነሣች። ቀጥ ብላ ሬሳ ሣጥን ወደሚጫንበት የመኪናው ጀርባ ሄደችና መዳፏን በመስተዋቱ ላይ አኖረች። ከፊት በኩል በሩ ተከፍቶ ክሊፈርድ አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ ንፍሮውን እንደ ታቀፈ ወረደ።

መርከቢቱ በጩኸት ተናወጠች። ግሌኒስ አየችው፣ በቦርሳዋ አንድ ጊዜ ትከሻውን መታችው፣ ከዚያ ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ ሁለት ሺህ ሰው እያየ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የመጨረሻውም አዋጅ ይህ ነበረ፦

«ከእንግዲህ ብቻህን የምትሄድበት አገር የለም። የትም።»

መኮንኑ መወጣጫውን ያዘላቸው፣ ሲፊስ ሻንጣውን ተሸከመ፣ መርከቢቱም ተነሣች።

በዚህ ስፍራ ለክሊፈርድ ውዳሴ አንድ ሙሉ ገጽ አስቀርቼ ነበር፤ የሰልፍ አባት፣ ድል አድራጊ፣ የሐንያ አንበሳ ልለው። ነገር ግን እውነት ልጽፍ ተቀምጫለሁና ገጹን ለግሌኒስ ሰጠሁት። ክብር ይገባታል፤ ስሟ በባሕርና በየብስ ይጠራ፤ ጉልበቷ ይጽና፤ መርከብ የምታህልን ነገር ንቃ መሬት ላይ የተቀመጠች እርሷ ናትና። ለክሊፈርድስ ሌላ ማዕርግ አልጨምርለትም። የሚጠብቀው ሰው አለው፣ ይበቃዋል።