ዜና ሞተሩ ለጋሽ አምባዬ ዘናዝሬት

ወገባቸው በታመመ በሰባተኛው ዓመት፣ አብዮት በፈነዳ በአምስተኛው፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ የካቲት፣ መፍቻ ጨባጩ፣ በተቃጠለ ዘይት የተቀቡት፣ ቁመተ ሎጋው የናዝሬት መካኒኮች አውራ ጋሽ አምባዬ የናፍጣ መኪናቸውን ሞተር ያወርዱ ዘንድ ተነሡ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተንጋለው ሲፈቱ ሲያስሩ ስለ ኖሩ፣ አመሻሽ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ ሁለት እጃቸውን ጎትተው ካላነሷቸው በቀር መነሣት ተስኗቸው ነበር፤ ይህንንም ሰፈር ስለሚያይ እጅግ ያፍሩ ነበር።

ስለዚህ በጋራዡ በር ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከእንግዲህ ሞተር ወደ እኔ ይወጣል እንጂ እኔ ወደ ሞተር አልወርድም። ቁመቱ ሁለት ክንድ የሆነ የብረት ዙፋን ይሠራለት፣ ቆሜ እፈታዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አበዛሽ ከመሬት ብታነሣኝ ስሜ አምባዬ አይሁን!» ወይዘሮ አበዛሽም ሰምተው ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ወእምዝ ጭፍራው መጣ፤ ሰንሰለት ያዋሰው የሻሸመኔው ሾፌር ደሊል፣ ቁመተ አጭሩ እጀ ወርቁ በያጅ ባጫ፣ ከመልካሳ ሽንኩርት ጭነው መጥተው ያራገፉ አራት ወዛደሮች፣ ደግሞም ከቀበሌ ውይይት የሾለኩ፣ ሥራቸው ማየት ብቻ የሆነ፣ ቁጥራቸው ያልታወቀ። ብሎኑም ተፈታ፤ አንዱ እምቢ ብሎ እስከ ቀትር ተዋግቶ፣ ተሰድቦ ለቀቀ፤ ሞተሩም በጋራዡ በር ባለው ግራር ቅርንጫፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠለጠለ። ባጫም ከሞተ መኪና ሻንሲ ብረት ቆርጦ፣ እያፏጨ ሁለት ክንድ አድርጎ በየደ፤ ሞተሩም ወርዶ በዙፋኑ ተቀመጠ፤ እልልም ተባለ፤ ደሊልም ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ሻሸመኔ ሄደ።

ጋሽ አምባዬም መፍቻቸውን ይዘው ቢቀርቡ ሞተሩን ጉልበታቸው ላይ አገኙት። ሁለት ክንድ ሲሉ በራሳቸው ክንድ ማለታቸው ነበር፤ ባጫ ደግሞ የለካው በባጫ ክንድ ነው፤ እሱም በስንዝር ያንሳል። ብረት እንዳይቀጥሉ የሻንሲው አልቋል፣ የቀበሌው የብረት ወረፋም ሁለት ወር ነው፤ ሞተሩን እንዳያነሡ ሰንሰለቱ መንገድ ላይ ነው፤ አጎንብሰው እንዳይፈቱ አዋጁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ጉድ ፈላ።

ያን ጊዜ ልበ ብርሃኑ ጋሽ አምባዬ ሁለተኛ አዋጅ አስነገሩ፤ «ሞተሩ ከፍ ካላለ መሬቱ ዝቅ ይበል! በዙፋኑ ዙሪያ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ጥልቀቱም አንድ ክንድ ይሁን፤ በእኔ ክንድ!» ተቆፈረም። ገብተውም ቆሙ፤ ሞተሩም እምብርታቸው ላይ ደረሰ፤ ቀኑን ሙሉ ሳያጎነብሱ ፈቱ፤ ደስታቸውም ወሰን አልነበረውም።

አመሻሽ ላይ ለመውጣት እግራቸውን ቢያነሡ ወገባቸው እምቢ አለ። ሰፈሩም ቆሞ ያይ ነበር። ወይዘሮ አበዛሽ ምስራቸውን አስቀምጠው መጡ፤ የባላቸውንም ሁለት እጅ ይዘው ጎትተው አወጧቸው። ጋሽ አምባዬም አፈሩ፤ እጃቸውን ግን እቤት እስኪደርሱ አልለቀቁም።

አዋጁ ታጠፈ የሚል ቢኖር ዜና ጸሐፊው ይመልስለታል፤ አዋጁ ያለው ከመሬት ነው፤ ወይዘሮ አበዛሽ ያወጧቸው ግን ከመሬት በታች ነው። ክብር ቃላቸውን ለማያጥፉት ለጋሽ አምባዬ ይሁን፤ ክንዳቸውም ለአገር መለኪያ ይሁን፤ ለወይዘሮ አበዛሽም ጉልበት ይስጥልን፤ ነገም ይገባሉና።