ሁለቱም ጫፍ የጋለባት ፕሮቲን

(ጠባብ የምርምር ክፍል። ሁለት ተለማማጅ ተማሪዎች ሙቀት በፕሮቲን ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒዩተር ሲያሰሉ ከርመዋል። ጓደኞቻቸው አንዱን «ሊቁ»፣ ሌላውን «ዝግታ» ይሏቸዋል። ሊቁ ዛሬ ውጤቱን ለአለቃቸው ለዶክተሯ ያቀርባል፤ ከወደዱለት ልምምዱ ይራዘምለታል። ልቡ ከወዲሁ በደስታ ያዜማል።)

ሊቁ፦ ሹራብህን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንሳልኝ!

ዝግታ፦ ፕሮቲኗን እንዳይበርዳት ብዬ እኮ ነው።

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሥዕል እኮ ናት! ሥዕል ሲበርደው የት አየህ?

ዝግታ፦ ታዲያ ኮምፒዩተሩ ለምን እንዲህ ጋለ?

ሊቁ፦ ስለሚያስብ ነዋ! የሚያስብ ነገር ይግላል።

ዝግታ፦ (ሹራቡን እየለበሰ) ለካ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚበርደኝ።

ሊቁ፦ ይልቅ ስማኝ...

ዝግታ፦ እኔም አንድ ነገር ልነግርህ ነበር...

ሊቁ፦ ያንተ ይደርሳል! ሙቀት በብረት ይሄዳል፣ በውሃ ይሄዳል፤ በእኔ ፕሮቲን ውስጥ ግን ከጫፍ ወደ ጫፍ ንቅንቅ አላለም! አዲስ የተፈጥሮ ሕግ! ግጥም ሁሉ ወጥቶልኛል። (ዓይኑን ጨፍኖ እያዜመ)

ከራስ እስከ ጥፍሯ እሳት ብለኩስባት፣
ልቧ አልተነቃነቀ፣ ምን ጉድ ነው ያለባት?

ዝግታ፦ (እንባ አቅርሮ) አንጀቴን በላኸው! ግን የቱን ጫፏን ነው ያጋልከው?

ሊቁ፦ ሁለቱንም! ሌላው ሰው አንዱን ብቻ ያግላል። እኔ ጉዞው እንዲፈጥን ብዬ ሁለቱንም እኩል አጋልኳቸው።

ዝግታ፦ (አሰብ አድርጎ) ሁለቱም ቤት እሳት ከነደደ፣ ሊሞቅ ማን ማን ቤት ይሄዳል?

(ሊቁ ወደ ኮምፒዩተሩ ዘወር ብሎ ሁለቱን ጫፎች ያያል። ያ ሁሉ ዜማ ከልቡ ብን ብሎ ጠፋ።)

ሊቁ፦ ጉድ ፈላ! ዶክተሯ ሊመጡ ነው! እንደገና ላሰላ ብል ሳምንት ይፈጃል!

ዝግታ፦ አይዞህ፣ አይመጡም። እኔ አንዱን ጫፍ ብቻ አግዬ ሞክሬው ነበር። ሙቀቱ እየተንፏቀቀም ቢሆን ሄደ። ያበላሸሁ መስሎኝ ጠዋት ለዶክተሯ አሳየኋቸው። «ጎበዝ!» ብለው ልምምዱን አራዘሙልኝ።

ሊቁ፦ ላንተ?! እና ለምን አልነገርከኝም?

ዝግታ፦ ልነግርህ ስጀምር «ያንተ ይደርሳል» አልከኛ።

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) በቃ፣ እኔ አለቀልኝ።

ዝግታ፦ ኧረ አላለቀልህም! ረዳት ምረጥ ስላሉኝ አንተን ብያለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ እኔ ሳብራራልህ፣ ያልገባህን «አልገባኝም» ማለት ብቻ።

ሊቁ፦ (ግራ ተጋብቶ) አልገባኝም።

ዝግታ፦ ይኸው፣ ሥራ ጀመርክ!