የአዴ ጫልቱ ሁለት ተመራማሪዎች

ተመራማሪ ሐኪም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ውስጥ ለሐኪሞች ሳስተረጉም ሁለት ገጥመውኛል። የሚያጠኑት ነፍሰ ጡር ሳለች ነቀርሳ የያዛት ሴት እንዴት እንደምትታከም ነበር።

አዴ ጫልቱ ጡቷ ላይ ነቀርሳ ወጥቶባት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከጉቴ መጣች።

«አሁኑኑ ይቆረጥ!» አሉ አንደኛው።

«መጀመሪያ ትውለድ!» አሉ ሌላኛው።

ሳምንቱን ሙሉ በአልጋዋ ግራና ቀኝ ቆመው ሲከራከሩ፣ እሷ ፍርሃቷን ውጣ ስታያቸው ሰነበተች። በመጨረሻ፣ «ወንድሜ፣ እነሱ እስኪስማሙ ይሄ ልጅ አድጎ ይዳራል በላቸው» አለችኝ።

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አፈሩና በማግስቱ ቀዶ ጥገናውን አደረጉላት። ዳነች፤ ወንድ ልጅም በሰላም ተገላገለች።

ሁለቱም ልጁ በስማቸው እንዲጠራ ጓጉተው፣ «ስሙን ማን አልሽው?» አሏት።

«ኦብሳ» አለች። በኦሮምኛ ትዕግሥተኛ ማለት ነው።

«ለምን?»

«እናንተ ስትከራከሩ አብሮኝ ሲጠብቅ ከርሞ የለ!»