የሊቀመንበሩ ሃያ ደቂቃ

ሰዓት ብቻውን ልክ ቢሆን ምን ይረባዋል? ይህን የምጠይቃችሁ በደርግ ዘመን ነቀምቴ ገበያ ዳር ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ልክ የሆነ ሰዓት ማለት ጎረቤትህም የሚስማማበት ሰዓት ነው፤ ሌላው ብረትና መስታወት ነው። ይህን ያስተማረኝ ሙያዬ እንዳይመስላችሁ፤ ያመለጠኝ አንድ አውቶቡስ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር እሑድ እሑድ ስብሰባ ሲከፍቱ ሰዓታቸውን ፈትተው ለዘበኛው፣ ለእኩያዬ ለኦቦ ጉደታ፣ ይሰጡታል። እሱም ስድስት ሰዓት ሲሞላ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ይደበድባል፤ ቸርኬው ሳይጮህ ንቅንቅ የለም። ደወሉ ከራዲዮ ጋር አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ልክ የሆነን ነገር ማን ይመረምራል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያ የሊቀመንበሩ ሰዓት መስታወቱ ተሰብሮ መጣልኝ። ለካስ ሃያ ደቂቃ ይቀድማል! በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር «ሰዓትዎ ተሳስቷል» የሚል ጀግና አልነበረም፤ የኔም እጅ ግን አላስችል አለው። መስታወቱን ቀየርኩ፤ ሃያዋንም ደቂቃ ትንፍሽ ሳልል መለስኳት።

በዚያው ቀን እናቴ ጊዳ አያና ላይ በጠና መታመሟን ሰማሁ። አውቶቡሱ የሚነሳው እሑድ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ የይለፍ ወረቀት የሚፈረመው ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ተጽናናሁ።

እሑድ በእጄ ሰዓት ስድስት ሞላ። ቸርኬው ዝም። ስድስት ከአምስት። ከአስር። አግዳሚው እሾህ ሆነብኝ፤ አንዴ ሰዓቴን፣ አንዴ ኦቦ ጉደታን አያለሁ። እሱ እቴ፣ ምን ቸገረው፣ የሊቀመንበሩን ሰዓት መዳፉ ላይ ይዞ ቁጭ ብሏል። ስድስት ከሃያ ላይ መታው። ወረቀቴን አስፈርሜ ስበር መናኸሪያ የደረስኩት ለአቧራው ነው።

ተመልሼ ጮህኩበት።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» አለኝ ደንግጦ፤ «የሳቸው ሰዓት ሃያ ይቀድም የለ እንዴ? ታዲያ በሰው ፊት ላሳፍራቸው? ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ነው የምመታው።»

እናቴ ጋ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ተርፋለች። «እሑድን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ» ስትለኝ የተሰማኝ እፍረት ግን ዛሬም አልለቀቀኝም።

ነቀምቴ ስመለስ ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት። «አበላሽተኸዋል! ካንተ ከመጣ ወዲህ ደወሉ ዘገየ እየተባለ ነው።» አልተበላሸም ብል፣ እስከ ዛሬ ተሳስተው ነበር ማለቴ ነው። ዓይናቸው እያየ ሃያ ደቂቃ ወደፊት ገፋሁት።

«አሁን ልክ ገባ?»

«ልክ ገብቷል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ከዚያ ወዲህ አንድም አውቶቡስ አላመለጠኝም።