ባሻ ደስታ እና በቅሏቸው

እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። ክርስትና የተነሣሁ ዕለት ውሃው ቀዝቃዛ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ክርስትና እናቴ እኔን ታቅፋ ዓይኗ ድግሱ ላይ እንደነበርም አስታውሳለሁ። ማመን አለማመን ያንቺ ፋንታ ነው። በዚያ ዘመን ከኮልፌ እስከ አስኮ ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር፤ ሙሽራና ሙሽሪት ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ሰባት ቤት ቁጠሪልን እያለ። እኔም እቆጥር ነበር። ከሰባቱ አንዱ ቤት ከጠፋም አልጨነቅም፣ እዚያው እሠራለታለሁ።

ለዚህ ነው ሰላምዬ፣ አሁን በስልክ «አያቴ፣ ዶክተሩ በቤተሰባችሁ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር ወይ ብሎኛል» ስትይኝ ሳቄ ያመለጠኝ። ይህችን ጥያቄ በደርግ ጊዜም ተጠይቄያታለሁ። መልሴ የአክስትሽን፣ የአባትሽን እህት የስንዱን ሠርግ ለጥቂት ነው ያላፈረሰው።

ሰው ስለ ዘሩ ሲጠየቅ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? መልክ ሲሆን የእናቴ ነው ይላል። ጀግንነት ሲሆን የአባቴ። በሽታ ሲሆን ግን የአማቾቼ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ የኛ ዘር ደግሞ ስቦ ብቻ አይተውም፣ ይንጣል። አያቴ አባባ ወርቁ ጠላ ሲጠጡ ግማሹን እሳቸው ግማሹን ጋቢያቸው ነበር የሚጠጣው። ከድግስ ሲመለሱ ጋቢው ነው የሰከረው እንል ነበር።

ስንዱ ታይፒስት ነበረች። ጣቷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዱን ፊደል ሁለቴ ትመታው ጀመር። አንድ ቀን «ወደፊት» የሚለውን «ወደደፊት» ብላ ጽፋ፣ አለቃዋ ጠርቶ «የት ድረስ ልትወስጂን ነው?» አላት። በዚያ ጊዜ ደግሞ አለቃ ሲቀልድ ነው የሚያስፈራው። በዚህ ላይ ታጭታለች። እጮኛዋ ተፈራ የአስኮ ልጅ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ አስካለ ባሏ የሞተባት፣ አንገቷ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ሴት ነበረች። ሙሽሪት በዘሯ በሽታ አለባት ከተባለ አስካለ ነገሩን እዚያው ላይ እንደምትቆርጠው አውቃለሁ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እቆርጠው ነበር።

እንግዲህ አንድ እሑድ አስካለ የሠርጉን ነገር ልትነጋገር እኛ ቤት እንደተቀመጠች የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ሁሉም ሰው አዳራሽ ይምጣ፣ የቀረ የኅብረት ሱቅ ስኳር የለውም አለ። ስኳር ከተያዘ ማን ይቀራል? የነፍስ አባታችን አባ ገብረ መድኅን እንኳ መቋሚያቸውን ይዘው ከች አሉ። እኔም ከአያትሽ፣ ከስንዱና ከእንግዳዬ ከአስካለ ጋር ሄድኩ።

ስብሰባ ነው ስንል ሐኪም ሆነ። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ፣ ጢሙ ገና በመውጣት ላይ ያለ ዶክተር የመሠረተ ትምህርቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል። በዘር የሚተላለፍ የእጅ መንቀጥቀጥ እናጠናለን አለ። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እየሣልን፣ የታመመውን በጠመኔ እየደፈንን፣ ወደፊት ማን ላይ ሊወጣ እንደሚችል እንገምታለን። የሚያረጋጋ ክኒን አለ፣ በሽታው በዘሩ ላለበት እንሞክረዋለን። ግን እናቶቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለ።

ማን ይሰማዋል። እትዬ ደብሪቱ ተነሥታ መንቀጥቀጡ የባሌ ወገን ነው አለች። ባሏ ተነሥቶ የእሷ ወገን ነው አለ። ቀጥሎ የተነሡትም እንዲሁ። ዶክተሩ ላብ አጠመቀውና፣ ታዲያ ይህ በሽታ የሚተላለፈው በጋብቻ ነው እንዴ? ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አዎ አለ። በዚያ አዳራሽ ማንም ሳያስገድደን በአንድ ድምፅ የተስማማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ስንዱ ዓይኗ ክኒኑ ላይ ነው፣ የአስካለ ጆሮ እኔ ላይ። «በኔ በኩል እጃችን ሐውልት ነው» አልኩ። «በባለቤቴ በኩል ግን ቅድመ አያቱ ባሻ ደስታ፣ የቡልጋው፣ ይንቀጠቀጡ ነበር።»

ባሻ ደስታ የሚባል ሰው አልነበረም። አያትሽ አፉን ከፈተ፣ በክርኔ ዘጋሁለት። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ግን እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው ፈጥሬ በእግሩ ላስኪደው? በቅሎ ሰጠኋቸው። ነጋሪት አስጎሰምኩላቸው። መንቀጥቀጣቸውም ከቁጣ ነው፣ እሳቸው ሲቆጡ አገሩም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር አልኩ። ዶክተሩ አራት ማዕዘኑን በጠመኔ ደፈነው።

አስካለ ይህን ሁሉ ክብር ለእኔ ብቻ ልትተው አልቻለችም። አንገቷን አቅንታ ተነሣች። «ባሻ ደስታማ የኛም ናቸው» አለች። «ነፍሱን ይማረውና ለተፈራ አባትም ቅድመ አያቱ ናቸው። በቅሏቸው ግራጫ ነበረች።» የሌለ ሰው በቅሎ ቀለም እንኳ ነገረችን።

ዶክተሩ ደስታውን አልቻለውም። ከባሻ ደስታ አንድ መስመር ወደ ስንዱ፣ አንድ መስመር ወደ ተፈራ ስቦ ምንጩን አገኘነው አለ። ከኋላ አባ ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰሌዳውን በመቋሚያቸው ጫፍ ቆጠሩት። «አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ» አሉ። «ሰባት ሳይሞላ ጋብቻ የለም።»

ለሰው ሰባት ቤት የምቆጥረው እኔ፣ የልጄን ሠርግ ባልተፈጠረ ሰው አፈረስኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ያኔ ስንዱ ተነሣች። ዳስተሩን አንሥታ ባሻ ደስታን ጠራረገቻቸው። በቦታቸው «አባባ ወርቁ፣ የእናቴ አያት» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ ሰሌዳው ላይ እስክስታ ይወርዳሉ፤ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። «እማዬ» አለችኝ፣ «እኔ የምፈልገው ባልና ክኒን ነው። ቅድመ አያት ይበቃኛል።»

ሰው ሁሉ ወደ አስካለ ዞረ። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ በሩን አየሁ። እሷ ግን ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችው። አውራ ጣቷ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይመታል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላ የምታጣፋው ለወግ አልነበረም። «የኔም ከእናቴ ነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «ባሻንም አላውቃቸውም።»

«በቅሎዋንስ?» አልኳት።

«እሷን እንኳ ያየኋት ይመስለኛል» አለች።

ዶክተሩ ፊቱ ጠቆረ። ከሁለቱም ወገን ከመጣማ ልጆቻቸው ላይ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል እያለ ሊያስረዳ ሲል አባ አቋረጡት። «ልጄ፣ ቀኖና የሚከለክለው ዘመድን እንጂ በሽታን አይደለም» አሉና ስኳራቸውን ሊጠይቁ ሄዱ።

ሠርጉ ሆነ። አስካለ ራሷ ካልቀዳሁ ብላ ለእንግዳው ግማሽ፣ ለሣሩ ግማሽ እያደረገች ጠላውን ስታዳርስ ዋለች። ክኒኑ ስንዱን አልፈወሳትም፤ እንደማይፈውስም ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሯታል። ግን ጣቷ ጋብ አለላት፣ ከሥራዋም አልተባረረችም። አያትሽም የስብሰባ ቀን ሲደርስ፣ «ልጄ፣ ከክኒንሽ እስቲ አንዷን ለኔም» ይላት ነበር።

አሁን ደግሞ ያንቺ ሐኪም በምራቅ ብቻ ዘር ያነባል አልሽኝ። ካነበበ እኔን ምን ያስጠይቀዋል? ባለፈው ፋሲካ ብርጭቆ ስትይዢ እጅሽን አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ መድኃኒት ከሰጠሽ እንዳትመልሺ። ከማን ወገን ነው ሲልሽ ግን ቸኩለሽ እንዳትመልሺለት። በእናትሽ በኩል ማን ይንቀጠቀጥ እንደነበር እስከ ማታ አስታውሳለሁ፤ ለዚህኛው ግን በቅሎ አልሰጠውም። ብቻ ዛሬውኑ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ።