የስልከኛው ሁዳዴ

ባለፈው ሳምንት ቢቸና መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ያለው ጎልማሳ ሞባይሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ዓባይ ድልድይን ተሻግሬያለሁ፣ ማታ እገባለሁ» ይላል። ዓባይ ድልድይ የት፣ ቢቸና የት? ሻዩን እንኳ ገና አልጨረሰም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ፈገግ አልኩለት። አፍሮ ይሁን ተናዶ እንጃ፣ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን የሳቅኩት በራሴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ለዚህ ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር።

የቢቸና ስልከኛ ነበርኩ። ስልከኛ ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አታውቁም። ያኔ ስልክ በየኪሱ የለም፤ ያለው ስልክ ቤት ነው። ከሞጣ ይደወልና «እገሌን ጥራልን» እባላለሁ። እገሌን ፈልጌ አመጣለሁ። እገሌ መነጋገር ካልፈለገስ? «የለም በል» ይለኛል። እኔም የለም እላለሁ። አንዳንዱን ለቅሶ እልከዋለሁ፣ አንዳንዱን በወባ አስተኛዋለሁ። ለአንድ ነጋዴማ ያንኑ አንድ አጎቱን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀብሬለታለሁ። ሰው ይወደኝ ነበር። እንዴት አይወደኝ?

በቅበላ ሰሞን ንስሐ ልገባ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ መምሬ አድማሱ ሄድኩ። መምሬ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰውን እያዩ ዝም ማለት የሚችሉ ሰው ናቸው። ያቺ ዝምታቸው ናት ጉድ የምታፈላው። የተለመደውን ኃጢአቴን ነገርኳቸው፤ ቅዳሴ ማርፈድ፣ ሚስት ላይ መቆጣት፣ የመሳሰለውን። ዝም አሉ። ምን ቀረኝ ብዬ ጨነቀኝና የስልኩን ነገር አወጣሁት። ቶሎ ብዬም፣ ያ እንኳ የእኔ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነው አልኳቸው።

«መንግሥት ለንስሐ እኔ ዘንድ አይመጣም» አሉኝ። «የምትመጣው አንተ ነህ።»

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጉልበቴን ሳዘጋጅ፣ የሰጡኝ ቀኖና ሌላ ሆነ። ሁዳዴን ሙሉ በሥራ ላይ አንዲት ውሸት እንዳልናገር። ክርስቲያን ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ስልክ ቤትም ውስጥ ነው አሉኝ። ይኼ ነው እንዴ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። ሞኝነቴን አያችሁ?

በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ቅቤ ነጋዴ ሚስት ከሞጣ ደወለች። ባሌ አለ ወይ? አለ አልኳት። የት ነው? ጠጅ ቤት። በጾም? በጾም። በማግስቱ ሴትዮዋ ራሷ ከአውቶቡስ ወረደች። ጠጅ ቤቱ በር ላይ ምን እንደተባለ እኔ አልናገርም፣ የሰማ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ የቢቸና ሰው በሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። እንደ ድሮው የሚጋብዘኝም ጠፋ። ይኼንንስ ቻልኩት።

ያልቻልኩት የግራዝማችን ነገር ነው። ግራዝማች የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ልጆቻቸው አሉ። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ነበሩ፤ ዋሴ ናቸው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ያለ ዋስ አይያዝም። ግራዝማች አንዲት ማመልከቻ ጽፈው ከዋስትናው ወርጃለሁ ቢሉ፣ በማግስቱ እኔ ከሥራ ውጪ ነኝ። ሚስቴ ደግሞ ሦስተኛ ልጃችንን አርግዛለች።

ታዲያ ግራዝማች ለጥምቀት የሞጣውን ቀኛዝማች በቅሎ ተውሰው ነበር። መልከ መልካም በቅሎ፣ አረማመዷ ሰው የሚያስቆም። ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ገብታ የፊት እግሯ ተጎዳና ታነክስ ጀመር። ግራዝማች ጓሮ አስረው፣ ወጌሻ አስጠርተው፣ ትድናለች ብለው ይጠብቃሉ። በቅሎዋ አልዳነችም። ቀኛዝማች ደግሞ በየረቡዑ ይደውላሉ። ከቅበላ በፊት ሦስት ረቡዕ ሙሉ «የሉም» ብያቸዋለሁ፤ ያውም ግራዝማች አጠገቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው።

የሁዳዴ የመጀመሪያው ረቡዕ መጣ። ስልኩ ጮኸ። ቀኛዝማች ናቸው። ግራዝማች እንደ ልማዳቸው በጣታቸው የለሁም አሉኝ። እባክዎ ከእኔ ይቅር፣ ቀኖና ላይ ነኝ አልኳቸው።

«ማነው ዋስህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያስ እወቅበት።»

የልጆቼ ፊት ድቅን አለብኝ። የመምሬም ፊት መጣ፤ እሳቸው ዝም ብለው ያዩኛል። እንዴት እንደተናገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። «አሉ፣ ቀኛዝማች» አልኩ። «የለም በል ብለውኝ ነው እንጂ፣ አጠገቤ ናቸው።»

ግራዝማች ተነሡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ስልኩን ተቀብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለስልኩ እጅ ነሡ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ የበቅሎዋን ነገር አንድ ሳያስቀሩ አፈረጡት። ቦዩን፣ እግሯን፣ ወጌሻውን። ያን ጊዜ በስልክ የሚነጋገር ሰው ስለሚጮህ፣ የወዲያኛውም ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«የምን በቅሎ?» አሉ ቀኛዝማች። «እኔ እኮ ስለ ልጄ ነው የምደውለው። ለልጅዎ ሽማግሌ ልልክ ፈልጌ፣ ቀን ይቁረጡልኝ ብል ብል የሉም ይሉኛል። ልጃቸውን ነፈጉኝ ብዬ ተቀይሜ ነበር። ዛሬም ባላገኝዎ፣ ሌላ ቤት ልልክ ነበር።»

ግራዝማች አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። እኔም መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። የሽማግሌው ቀን ተቆረጠ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተባባሉ። በቅሎዋም ለግራዝማች በምርቃት ተሰጠች። ግራዝማች ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አንተስ ሰው ነህ አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ስነግራት እሷ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ያማረ ስብከት ነበር። እውነት ተናገርኩ፣ እግዚአብሔር ካሰኝ። ግን አላበቃም።

የማይዋሽ ስልከኛ ቢቸና አለ የሚል ወሬ ሞጣ ገባ። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። የቀኛዝማች ባለቤት፣ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ግራዝማች ስለ ሠርጉ ሊነጋገሩ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። ወይዘሮዋ ግን የፈለጉት እኔን ነው።

«አንተ ነህ አሉ የማትዋሸው» አሉኝ። «እስቲ ንገረኝ፣ የልጅቱ ጠባይ እንዴት ነው? ቁጡ ናት ይሉኛል።»

ልጅቱ ቆንጆ ናት፣ ባለሙያም ናት። ቁጡነቷ ግን አይጣል ነው። የሠፈሩ ውሻ እንኳ ኮቴዋን ሲሰማ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አዎ ብል ሠርጉ ይፈርሳል፣ ሠርጉ ከፈረሰ ዋሴ ይወርዳሉ። የለም ብል የአርባ ምናምን ቀን ቀኖናዬ ገደል ይገባል። ግራዝማች «ማናት? ምን ትላለች?» ይሉኛል። እጄ የሞጣን መስመር የሚያገናኘው ገመድ ላይ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ገመዱ ተነቀለ።

ግራዝማች በእጄ የያዝኩትን ገመድ አዩት። እኔንም አዩኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ መምሬ ዘንድ ሮጥኩ። አልዋሸሁም፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም ብዬ ተከራከርኩ። እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው አዩኝ።

«ምላስህ ጾሟል» አሉ በመጨረሻ። «እጅህ ግን ገድፏል።» መቶ ስግደት ጨመሩብኝ። በሕማማቱ ስግደት ላይ መቶ ሲጨመር ምን እንደሆነ የሰገደ ያውቀዋል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። እኔም ተጠርቼ ሞጣ ሄድኩ፣ ግን ወይዘሮ ስንዱን ለመሸሽ ከዳሱ ጥግ ነበር የተቀመጥኩት። ፈልገው አገኙኝ። ልነሣ ስል ከስግደቱ ያልዳነው ጉልበቴ እንቢ አለኝ።

«ያን ዕለት መልስህ ገብቶኛል» አሉኝ አጎንብሰው። «ያቺ ልጅ የዋህ ብትሆን ኖሮ፣ ዘለህ ነበር የምትነግረኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳቁብኝ።

«እኔ እኮ ቁጡ መሆኗን ላረጋግጥ ነበር የደወልኩት» አሉኝ። «ልጄን አታውቀውም? ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ የሚውል ነው። የሚያስነሣው ሰው ስፈልግ ነበር።»

አዎ ብላቸው ኖሮ ሠርጉ ያው፣ ዋሴም ያው፣ ቀኖናዬም ሙሉ ይሆን ነበር። እፎይ አልኩ። እንዲያውም እየሳቅኩ ወጣሁ፤ እያነከስኩ ቢሆንም።